የአርዲስ ጥግ

ከእርሻው ቤት፣ አዮዋ
ጃንዋሪ 17

ልጄ ካሪን፣

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። እንዴት ሰነበትሽ? እኛስ አለን። ብርዱ ግን ጉድ ነው፤ የአሳማዎቹን ውሃ በየጠዋቱ በመጥረቢያ እየፈለጥኩ ነው የማጠጣቸው። "ስልክ ላይ ትሸሻለህ፣ በወረቀት ግን አታመልጠኝም" ብለሽ ጽፈሻል። እሺ፣ ተያዝኩ።

እናትሽ ታማለች። ያ በሽታ ተመልሶባታል። ሐኪሙ በዚህኛው ጊዜ ቀዶ ጥገና የለም ብሏል። ስልኩን ሁልጊዜ እኔ የማነሳው እሷ ስልኩ እስካለበት ኩሽና መውረድ ስላቃታት ነው። ይኸው ነገርኩሽ። አክስትሽ ዶሎረስ ቀድማ እንዳሾለከችልሽ አውቃለሁ፤ የእናትሽ እህት ብትሆንም አፏን ዚፕ ማድረግ ያቃታት ሴት ናት።

አሁን ደግሞ የምትጠይቂኝን ስለማውቅ ልቅደምሽ። እናትሽ አጠገቧ ቁጭ አድርጋ አስምላኛለች። "ልጅቷ የማርች 4ን ፈተና ሳትፈተን አትጠራትም። ነፃ ትምህርቷ የሚቀጥለው በዚያ ፈተና ነው። እኔ አልጋ ላይ ስለተጋደምኩ እሷ ከመንገድ አትቀርም። ማል ዴልበርት" አለችኝ። ማልኩ። ስለዚህ ፈተናሽን በጨረስሽ ማግስት እኔው ራሴ እጠራሻለሁ። እስከዚያ ቃሌ ቃል ነው።

ለፈተናው ወደ ጠየቅሽኝ ቃላት ልመለስ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ አስተማሪሽ ስለ መንግሥት የጻፈውን መጽሐፍ አላነበብኩም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ።

ፊሊበስተር ያልሽው፣ አንድ ሴናተር ሕጉ ድምፅ እንዳይሰጥበት ቆሞ እያወራ ሰውን ማሰልቸት ነው። ወሬ ሲያልቅበት የኬክ አሠራር ሳይቀር ያነባል። አጎትሽ ሃርላን በገና ማዕድ ላይ ሲጸልይ የአሳማው ሥጋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያደርሰን የለ? እሱን አስቢ።

አንካሳ ዳክዬ የሚሉት፣ ምትኩ ተመርጦ ገና ወንበሩን ያለቀቀ ሹም ነው። ሲናገር ሁሉም አንገቱን ይነቀንቅለታል፣ የሚታዘዝለት ግን የለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለው ለሱ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ ደግሞ ሰው ካልሞላ ስብሰባው ስብሰባ አይባልም ማለት ነው። ባለፈው የእህል መጋዘን ማኅበራችን ሲሰበሰብ አንድ ሰው ጎድሎን፣ ጎረቤታችንን ላይል ባከንን ከላም በረቱ እየጎተትን አምጥተነዋል። ከነቦቲው ነው የገባው።

የኪስ ቬቶን አልወደውም። ፕሬዚዳንቱ የቀረበለትን ሕግ እፈርማለሁ አይል፣ አልፈርምም አይል። ኪሱ ከቶት ዝም ይላል። ምክር ቤቱ ተበትኖ ሲሄድ ሕጉ በዚያው ሞቶ ይቀራል። ሰው ሲጠየቅ ወይ አዎ፣ ወይ አይ ማለት አለበት። እኔ የማምነው እንዲህ ነው።

እናትሽ ከአልጋዋ ሆና "ሹራብ ሳትለብስ እንዳትወጣ በላት፤ ሴትዮዋ ዛሬም አዛዥ ናት ብለህ ጨምርበት" ብላኛለች። ጨምሬያለሁ።

አባትሽ ዴልበርት

❧

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ማሳቹሴትስ
ጃንዋሪ 25

አባዬ፣

እንዲያው ስለ እግዜር፣ እናቴ እየሞተች እንደሆነ ከአሳማዎቹ ውሃ ቀጥሎ ይጻፋል? ደብዳቤህን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው ያነበብኩት። ስለ አጎቴ ሃርላን ጸሎት ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ በመሳቄ አለቀስኩ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ "ፍቅረኛሽ ነው?" ብላ መሐረብ ሰጠችኝ። "አይ፣ አባቴ ነው" ስላት የበለጠ አዘነችልኝ።

ማርች 4 ድረስ ትቆያለች ብሎ ለአንተ የማለልህ ማን ነው? ሐኪሙ ስንት ጊዜ አላት አለ? በቁጥር ንገረኝ። አንተ ሰው ስትቆጥር የኖርክ ሰው ነህ፣ ቁጥር አትፈራም።

ካውከስ የሚለው ቃልም ለፈተና ይመጣል። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲያብራራ እኔ እጄን አውጥቼ "አባቴ የኛ ቀበሌ ሰብሳቢ ነው፣ ሰው በእግሩ ጥግ ይዞ ነው የሚቆጠረው" ስል የከተማዎቹ ልጆች ሳቁብኝ። "እንደ በግ?" አለኝ አንዱ። አንተ በራስህ ቃል ጻፍልኝና አንብቤላቸው አፋቸውን ላስይዛቸው።

ለእማዬ ሹራቡን ለብሻለሁ በላት። አልለበስኩም፣ ግን እሷ ደስ ይበላት። ደግሞ እወዳታለሁ በላት። ይህንን ሳትረሳ፣ ቃል በቃል በላት።

ካሪን

❧

ከእርሻው ቤት
ጃንዋሪ 31

ልጄ፣

እወዳታለሁ ያልሽውን ቃል በቃል ነገርኳት። "እናውቃለን" አለች። ቆይታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በቁጥር ንገረኝ ላልሽው፣ ሐኪሙ ለእናትሽ ብቻ ነው የነገራት። እኔን ከክፍሉ አስወጥታኝ ነበር። በመኪና ስንመለስ ብጠይቃት "ላንተ የሚሆን ቁጥር አይደለም" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።

ለበጎቹ ይህንን አንብቢላቸው። በፌብሩዋሪ ብርድ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ የትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ ይገባል። ካርድ የለም፣ ሳጥን የለም፣ መጋረጃ የለም። ለፕሬዚዳንትነት የምትፈልጊው ሰው ስም የተለጠፈበት ጥግ ሄደሽ በሁለት እግርሽ ትቆሚያለሽ። ባል እዚህ ጥግ፣ ሚስት እዚያ ጥግ፣ ቄሱ ወዲያ ማዶ። ሁሉም ያይሻል። ሰብሳቢው ይቆጥራል። ከመጣው ሰው ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያልሞላ ጥግ ይፈርሳል፤ የፈረሰባቸው ወይ ሌላ ጥግ ይገባሉ፣ ወይ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው። ልመናውና ማባበሉ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ብስኩት እያሳየ የሚጎትት አለ፣ "የሰጠሁህን ትራክተር አስታውስ" የሚል አለ። በደብዳቤ ድምፅ መስጠት የለም፣ በወኪል የለም። ምሽት ልክ በአንድ ሰዓት በሩ ይዘጋል። በሩ ውስጥ ወይም በሩ ላይ ሰልፍ ያልያዘ አይቆጠርም።

ከአራት ዓመት በፊት ላይል ባከን ላም አምጣበት አመሸና፣ እጁ እንደ ደማ እየሮጠ መጣ። በሩን ዘግቼ ነበር። "ዴልበርት፣ ጥጃዋን ግማሽ መንገድ ላይ ልተዋት ኖሯል?" አለኝ። አዘንኩለት፣ ግን አላስገባሁትም። ይኸው ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰዓቱን አይቶ "ጌታው፣ እንደምን አደሩ ለማለት ረፈደብኝ ይሆን?" ይለኛል። አሁንም ያበሽቀኛል።

እናትሽ ዘንድሮም እሄዳለሁ ብላ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ ብሏታል። እነሱ ጥግ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ የሚደግፉትን ሰውዬም ከነሱ በቀር የሚያውቀው የለም። "እኔ ከቀረሁ ይፈርሳል" ትላለች። "ይፍረስ አርዲስ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ትራስ አስተካክል ለማለት ብቻ ነው።

አጥኚ። ማርች 4 ሩቅ አይደለም።

አባትሽ

❧

ከእርሻው ቤት
ፌብሩዋሪ 9

ካሪን፣

ካውከሱ ትናንት በሰላም አለቀ። ከባለፈው የበለጠ ሰው መጣ። የእናትሽ ጥግ ግን አልቆመም። አንድ ሰው ጎደለው።

እናትሽ ተኝታለች። ዶሎረስ ነገ ቤቷ ወስዳ ጸጉሯን ልታጥባት ትፈልጋለች፤ ተዪያት ብላት አልሰማችኝም። ላይል ባከን ዛሬ ጠዋት ሳልጠራው መጥቶ አሳማዎቹን መግቦልኝ ሄደ። እንደምን አደርክ እንኳን አላለኝም፣ ሰዓቱንም አላየም።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስለ ምርጫ ክልል መሸንሸን የጠየቅሽውን ሌላ ቀን እመልስልሻለሁ።

አባትሽ

❧

ከማደሪያው
ፌብሩዋሪ 13

አባዬ፣

"አንድ ሰው ጎደለው" ብለህ ጻፍክልኝ። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ለምን አልጻፍክም?

አክስቴ ዶሎረስ እያለቀሰች ነገረችኝ። እማዬ አንተ ከቤት እንደወጣህ እንድትመጣላት ቀደም ብላ እንደቀጠረቻት፣ ለመልበስ ብቻ ስንት ጊዜ እንዳረፈች፣ ከንፈሯን አክስቴ እንደቀባቻት፣ መንገዱ በረዶ ስለነበር እንቁላል እንደጫነ ሰው እየተሳቡ እንደነዱ። አንድ ሰዓት ሲሆን መኪናው የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር፣ አባዬ! ግቢ ውስጥ! ከመኪናው እስከ በሩ ያለችውን መንገድ ነው እግሯ እምቢ ያላት። አንተም በሩን ከፍተህ አየሃትና አልቆጥርሽም አልካት። ያውም በሰው ሁሉ ፊት።

አስተማሪዬን ጠየቅሁት። "ሰብሳቢው ልቡ ቢፈቅድ ግቢ ውስጥ የደረሰን ሰው ሰልፍ ላይ እንዳለ ሊቆጥር ይችል ነበር" አለኝ። ይችል ነበር አለኝ። አንድ ሰው ነበር የጎደላቸው።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሌላ ቃል እንዳትተረጉምልኝ። ልምጣ? አዎ ወይም አይ በለኝ። ነይ ካልከኝ በዚያው ቀን አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ፈተናው ገደል ይግባ። ካላልከኝ ግን አልመጣም። ለምን ያንተን ቃል እንደምጠብቅ አትጠይቀኝ። ብቻ ነይ በለኝ። እባክህን አባዬ።

ካሪን

❧

ከእርሻው ቤት
ፌብሩዋሪ 17

ልጄ ካሪን፣

ቁጣሽን አልጠላሁትም። ዶሎረስ የነገረችሽ እውነት ነው፤ የቀረውን ግን ከእኔ ስሚ።

ሰዓቴን አይቼ በሩን ስዘጋ በመስታወቱ ውስጥ የመኪና መብራት ወደ ግቢው ሲገባ አይቻለሁ። የዶሎረስ መኪና መሆኑንም አውቄአለሁ፤ አጋዘን ከገጨች ወዲህ አንዱ መብራቷ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። ማንን እንደያዘች ግን በምን ልወቅ? እናትሽን አልጋዋ ላይ ትቻት ነው የመጣሁት። ወደ መድረኩ ሄጄ ስብሰባውን ከፈትኩ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

ስከፍተው እናትሽ ናት። የእሑድ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ፣ በእህቷ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"መሸብኝ እንዴ ዴልበርት?" አለችኝ።

"አዎ አርዲስ" አልኳት።

ዶሎረስ ጮኸች። "ኧረ በሕግ አምላክ! ይቺ ሴት ከመኪና እዚህ ለመድረስ ነፍሷ ልትወጣ ነበር እኮ! አንተ ሰው፣ ሚስትህ ናት!"

"ሚስቴ ስለሆነች ነው" አልኳት።

ምን ልበል ካሪን? ላይል ባከን እዚያው ፊት ለፊቴ ቆሟል። እሱን እጁ እንደ ደማ መልሼዋለሁ። የራሴን ሚስት ካስገባሁ ሕጉ ለጎረቤት እንጂ ለቤቴ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ላይል ምን አደረገ መሰለሽ? ከማዶው ጥግ፣ ከተቃራኒዎቿ መሐል እጁን አወጣ። "የሰብሳቢውን ውሳኔ እቃወማለሁ፤ ቤቱ ድምፅ ይስጥበት" አለ። ይችላል፤ ቤቱ ሰብሳቢውን መሻር ይችላል። እጅ መውጣት ጀመረ። ከየጥጉ። ቄሱም አወጡ። ልንገርሽ፣ ውስጤ "አውጡ፣ አውጡ፣ ሻሩኝ" ይል ነበር።

እናትሽ ናት ያስቆመቻቸው። "ላይል፣ እጅህን አውርድ" አለች። "አንተን ከነደምህ መልሶ እኔን ከነሊፕስቲኬ ያስገባኝ? ዴልበርት ልክ ነው።" ከዚያ ለተመልካች በተሰየመው ወንበር፣ ግድግዳው ሥር፣ ካፖርቷን እንደቆለፈች ተቀመጠች። ጥጓን ቆጠርኩ። አንድ ሰው ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሰዎቿ በየተራ እየመጡ ትከሻዋን እየዳሰሱ ወደ ሌላ ጥግ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ቆጠራህ ጥሩ ነበር" አለችኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ስለ ጥያቄሽ። እናትሽ ዛሬ ጠዋት ትንሽ ሾርባ ቀምሳለች። ነርሷ በየቀኑ ትመጣለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በተራ ምግብ ያመጣሉ፤ ማቀዝቀዣው በማካሮኒ ሊፈነዳ ነው። ነፋሱም ቀንሷል። ማርች 4 ሊደርስ ነው፤ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ታልፊዋለሽ። የምርጫ ክልል መሸንሸን ማለት ሥልጣን የያዘው ወገን ካርታውን እንደሚመቸው ቆራርጦ ሲሰፋው ነው።

አባትሽ

❧

ከማደሪያው
ማርች 9

አባዬ፣

በቀብሩ ቀን ስላላናገርኩህ ይቅርታ አልጠይቅህም። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ሰው ሁሉ ሳንድዊች ይዞ "አባትሽ ጠንካራ ሰው ነው" ሲለኝ፣ አፌን ብከፍት የሚወጣውን ፈርቼ ነው። አንተም ሳህን ይዘህ ከአጠገቤ ቆመህ ነበር። የጎንህ ሙቀት እየተሰማኝ ዞር አላልኩልህም።

ፈተናውን ተፈትኛለሁ። አንዱ ጥያቄ የኪስ ቬቶን ከነምሳሌው አስረዱ ይላል። ትርጉሙን አንተ እንደነገርከኝ ጻፍኩ። ከዚያ ምሳሌ ብዬ እንዲህ አልኩ፦ አንዲት ልጅ እናቷ ልትሞት ስትል ልምጣ ወይ ብላ አባቷን ጠየቀች። አባትየው ነይ አላለም፣ አትምጪም አላለም። ስለ ሾርባና ስለ ማካሮኒ ጻፈላት። ደብዳቤው የደረሳት አክስቷ ደውላ "አረፈች" ባለቻት ቀን ነው። አስተማሪው ሙሉ ነጥብ ሰጥቶኝ ግርጌው ላይ "ትርጉሙ ትክክል፤ ምሳሌው ግን የመንግሥት ሥራ አይደለም፤ በጣም አዝናለሁ" ብሎ ጻፈልኝ።

አሁን አትንገሪው የተባልኩትን እነግርሃለሁ። ከልካዬ ሞታለች።

ፌብሩዋሪ 10 ከአክስቴ ቤት የደወለችልኝ እማዬ ናት። ጸጉር መታጠቡ ሰበብ ነበር፤ የፈለገችው ስልኩን ነው። ድምፅዋ ቀጥኖ መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለችኝ። "አባትሽ ልክ ነበር" አለችኝ። "ልክ እንደሚሆንም አውቅ ነበር፤ ስንት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ግን ካሪን፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ፣ የሚጥለኝን እግሬን እያየሁ፣ እንደ ጅል፣ ዛሬ አንዴ፣ ለእኔ ሲል ይሳሳትልኛል ብዬ ነበር። ጥጉ መች ገዶኝ? ይሳሳትልኝ ብዬ ነው የሄድኩት።"

"እማዬ ልምጣ?" አልኳት። "እኔ አትጥራት ብዬ አስምዬዋለሁ" አለች። "መልሼ ጥራት ብዬ ልለምነው አልችልም። አንቺ ጠይቂው። መሐላውን አፍርሶ ነይ ካለሽ ነይ፤ ደስ ብሎኝ እሞታለሁ። ይህን እንዳልኩሽ ግን እንዳትነግሪው። ተነግሮት ያደረገው አይቆጠርም።"

ስለዚህ ጠየቅሁህ። እባክህን ብዬ ጠየቅሁህ። አንተ ቃልህን ጠበቅክ፣ እሷ ስህተትህን ጠበቀች፣ እኔ ደብዳቤህን ጠበቅሁ። ደግሞ የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እኔም ያንተው ልጅ መሆኔ። ማን ከለከለኝ? አውቶቡሱ ከደጃፌ ነው የሚነሳው። "አትንገሪው" ስለተባልኩ አልነገርኩህም፣ "እሱ ካለሽ" ስለተባልኩ አልተነሳሁም። ሕግ አክባሪ ሆኜ በእናቴ ቀብር ላይ ደረስኩ።

እኔ እስክጽፍልህ ድረስ አትጻፍልኝ። እንዳትመጣም። መቼ እንደምጽፍ አላውቅም።

ካሪን

❧

ከእርሻው ቤት
ማርች 16

ልጄ ካሪን፣

አትጻፍልኝ ብለሻል። ጻፍኩ።

ደብዳቤሽን በረንዳው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ላይል በትራክተር ሲያልፍ አይቶኝ ወረደ። "ምነው፣ ምን ሆንክ?" አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ላንቺም ለናትሽም ገመና መሆኑን እያወቅሁ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ኮፍያውን አወለቀ። "እኔ እኮ ያን ቀን እጄን ባላወርደው ኖሮ" ብሎ ጎኔ ተቀመጠ። ሁለት ሽማግሌዎች ደረጃ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ሰው እንኳ ሲያልፍ አላፈርንም።

የመጨረሻዎቹን ቀናት አልጻፍኩልሽም ነበር። አሁን ልጻፍልሽ፤ ማወቅ ይገባሻል። መኝታዋን ወደ ሳሎኑ አውርደንላት ነበር፣ መንገዱ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር ዓይኗን ትገልጥና "ማነው?" ትለኝ ነበር። "ማንም አይደለም አርዲስ፣ ተኚ" እላታለሁ። ሐኪሙን የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ሲመጣ ግን አየችውና ዓይኗን መልሳ ከደነች። አርብ ዕለት አውቶቡስ አለፈ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው። ክርኗን ተደግፋ ልትነሳ ሞከረች። "ቆመ እንዴ?" አለችኝ። "አልቆመም" አልኳት። ቅዳሜ አረፈች።

የምትጠብቀው አንቺን ነበር። እኔ አጠገቧ ሆኜ፣ ደብዳቤሽ ደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ እጇን ይዤ፣ አላወቅሁም። አፏ ያለኝን ሰማሁ እንጂ ዓይኗን አላየሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ልክ ስሆን ሰው ሁሉ ስላከበረኝ፣ እሷ ሌላ ነገር ትፈልግ ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቀበሌውን ሰብሳቢነት ለቅቄአለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ይቅር በይኝ ብዬም አልጠይቅሽም፤ ያንን የመስጠትም የመከልከልም ሥልጣን ያንቺ ነው፣ በሰዓትሽ። ግን ፌብሩዋሪ 13 ቀን አዎ ወይም አይ በለኝ ብለሽኝ ነበርና መልስ አለብኝ። መልሱ እንደረፈደ አውቃለሁ። ማንም እንደማይቆጥረውም አውቃለሁ። እንዲህ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፦

ካሪን፣ ነይ። እናትሽ አትጥራት ብላ አስምላኛለች፣ እኔ ግን እየጠራሁሽ ነው። ፈተናውን ተዪው። ዛሬውኑ ተሳፈሪ፣ መንገዱ ድረስ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ነይ ልጄ፣ ነይ።

አባትሽ